አራት የጌም ኮምፒውተር ገጣጥሜ የገባኝ፦ መጀመሪያ ስክሪኑን እዩ

በ2019 የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን ልገጣጥም ሳስብ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ፕሮሰሰር ብቻ ሳነብ ከረምኩ። "ፕሮሰሰር የኮምፒውተር አንጎል ነው" ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ አንጎሉ ጎበዝ ከሆነ ሌላው ይከተላል ብዬ አሰብኩ። ካጠራቀምኩት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ስምንት ኮር (ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል) ያለው ራይዘን 7 2700 የሚባል ፕሮሰሰር ወሰደው። በተረፈችኝ ምስሉን የሚሠራውን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ፣ አንድ ነጠላ 8 ጂቢ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ተገጥሞለት የሚሸጥ ኬዝ (ሳጥን) ገዛሁ።

ጌሙ ተከፈተ። ፍሬሙ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት፣ ግን ከ35 አላልፍ አለ። የአጠቃቀም ቁጥሮቹን ስክሪኑ ጥግ ላይ አውጥቼ ሳይ፣ ግራፊክስ ካርዱ 99 በመቶ ላይ ያለከልካል፤ ፕሮሰሰሩ 20 በመቶ አካባቢ ይንቀሳቀሳል። ያን ያህል የደከምኩለት ዕቃ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእህቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜና ለአክስቴ ልጅ ሦስት ኮምፒውተር ገጣጥሜያለሁ። የአንደኛው ኪስ ባዶ ሊባል ይችላል፣ የሁለተኛው መካከለኛ ነው፣ ሦስተኛው ገንዘብ አይገደውም። ዋጋ አልጽፍም፤ ዋጋ በየቦታውና በየወሩ ይለያያል፣ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የራም ዋጋ አሻቅቦ የድሮ ስሌቶቼን ሁሉ አበላሽቷል። የምጽፈው የቱን ዕቃ ከየቱ አስቀድሜ እንደምመርጥና ለምን እንደሆነ ነው።

አሁን ሰው "ምን ልግዛ?" ብሎ ሲጠይቀኝ እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ምን ትጫወታለህ? በምን ስክሪን? ብዙዎች ስክሪኑን መጨረሻ ላይ፣ በተረፈ ገንዘብ ይገዙታል። እኔ ከእሱ ነው የምጀምረው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ወደ 2 ሚሊዮን ፒክስል (የምስል ነጥብ) አለው። 2560 በ1440 የሆነው ወደ 3.7 ሚሊዮን፣ 4ኬ የሚባለው ደግሞ ወደ 8.3 ሚሊዮን። ግራፊክስ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፍሬም ይህን ሁሉ ነጥብ መሙላት አለበት፤ በ1080 እንደ ልቡ የሚሮጥ ካርድ 4ኬ ላይ አራት እጥፍ ነጥብ ይጫንበታል። ፕሮሰሰሩ የስክሪኑ ስፋት ብዙም አይሰማውም። እሱን የሚያስጨንቀው በሰከንድ ስንት ፍሬም አዘጋጅ መባሉ ነው፦ ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ ማለትም በ60 ሄርዝ፣ ለአንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ አለው፣ በ144 ሄርዝ ግን 7 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እንደ ቫሎራንት ያለ የፉክክር ጌም በከፍተኛ ሄርዝ የሚጫወት ሰው ለፕሮሰሰሩ ትንሽ ቢያደላ ያዋጣዋል። ምስላቸው የተራቀቀ ትልልቅ የታሪክ ጌሞችን የሚወድ ደግሞ ገንዘቡን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያፍስ።

ኮምፒውተር ያላችሁና አንድ ዕቃ ብቻ መቀየር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የምታደርጉት ነጻ ሙከራ አለ። የጌሙን የምስል ጥራት ወደ ታች አውርዱና ፍሬሙን ተመልከቱ። በደንብ ከጨመረ ወደ ኋላ የያዛችሁ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው፤ አዲስ ካርድ ብትገዙ ለውጥ አታዩም። ይህን ሙከራ በ2019 የሚያውቅ ጓደኛ ቢኖረኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

ፓወር ሰፕላይ ምን እንደሆነ የተማርኩት ግን በሌላ መከራ ነው። ከዓመት በኋላ 1050ውን ሸጬ ያገለገለ አርኤክስ 580 ገዛሁ። ቪዲዮ ሳይ፣ ስጽፍ ሰላም ነው። ጌም ከፍቼ ፍልሚያው ሲሞቅ ግን ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ካርዱን የሸጠልኝን ሰው ሁለት ሳምንት በልቤ ስረግመው ቆየሁ። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ በትልቁ "500 ዋት" ተጽፏል፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ያለውን ሰንጠረዥ ስመለከት በ12 ቮልት መስመር የሚሰጠው 18 አምፔር ብቻ ነው። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት በዋናነት ከዚያ መስመር ነው፤ አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ይፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩን ስቀይር መጥፋቱ በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ የ12 ቮልቱን አንብቡ። ሳጥኑ ላይ ያለው የ80 ፕላስ ነሐስ ወይም ወርቅ ምልክት የሚናገረው ከግድግዳው የወሰደውን ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሳያባክን እንደሚያደርስ ነው፤ ስለ አሠራሩ ጥንካሬ ሙሉውን አይናገርም። የእኔ ስሌት ቀላል ነው፦ የካርዱን ዋት፣ የፕሮሰሰሩን ዋትና ለሌላው ሁሉ 100 ዋት እደምራለሁ፣ በላዩ ላይ ሲሶ ያህል ትርፍ እጨምራለሁ። ገንዘብ ሲያጥር ካርዱን በአንድ ደረጃ ዝቅ አደርጋለሁ እንጂ ከዚህ ላይ አልቀንስም። ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ኬብል በሌላው ላይ በፍጹም እንዳትሰኩ፤ መሰኪያው ልክክ ብሎ ይገባል፣ የሽቦዎቹ አደራደር ግን ሊለያይ ስለሚችል ዲስክና ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ያቃጥላል።

የእህቴ ልጅ ጉዳይ በጣም ያስደሰተኝ ነው። በእጁ የነበረው ገንዘብ አዲስ ግራፊክስ ካርድ እንኳ አይገዛም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የምመክረው ቢሮዎች ተጠቅመው የሚያስወጡትን ኮምፒውተር ነው። ያገኘንለት ቀጭን ኬዝ ያለው፣ ኮር አይ 5 6500 ፕሮሰሰርና 8 ጂቢ ራም የተገጠመለት ነበር። ሌላ 8 ጂቢ ራም ጨመርንለት፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ቀየርን፣ አጭሩን ዓይነት ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ሰካን። በቃ። 1080 ላይ የሚወዳቸውን ቀለል ያሉ ጌሞች አጫወተው።

ካርዱን የመረጥኩት በፍጥነቱ ሳይሆን በዋቱ ነው። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የእሱ 240 ዋት ነበር፤ መሰኪያውም ቅርጹም ከተለመደው ስለሚለይ በሌላ መተካት ያስቸግራል። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድም የለውም። ማዘርቦርዱ ካርዱ በሚሰካበት ስሎት በኩል እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ እዚያ ውስጥ የሚኖር ካርድ መፈለግ ነው። ዛሬ ቢሆን 70 ዋት የሚወስደውን ባለ 6 ጂቢ አርቲኤክስ 3050 እፈልግ ነበር። የካርዱን ቁመትም በሜትር ለኩ፤ ቀጭን ኬዝ ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም።

አንድ ነገር ግን አሁን ብደግመው አስተካክላለሁ። ስድስተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ቫሎራንትን የመሰሉ ጌሞች በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የኮምፒውተሩ የደህንነት ሥርዓቶች ካልበሩ አይከፈቱም። ስለዚህ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር የምትፈልጉ ከሆነ ከስምንተኛው ትውልድ በታች አትውረዱ። ኮር አይ 5 8500 ስድስት ኮር አለው፤ ከ6500ው አራት ኮር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በዚህ የገንዘብ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ካርድ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው። በ2022 የወጣ ስለሆነ ከአሮጌዎቹ ካርዶች አንጻር አዲስ ይመስላል፣ ያጓጓል፤ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው፣ ያለው ማስታወሻም 4 ጂቢ ነው። ፒሲአይ 3.0 (የቀድሞው የዚህ መገናኛ ትውልድ) ባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ያቺው መስመር ፍጥነቷ በግማሽ ይቀንሳል። የተሻለ ያገለገለ ካርድ ሸጦ ይህን የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነበት።

ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ መቆየት የሚፈልጉም አሉ፤ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ የራሱ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ይገዙና ካርዱን ለነገ ያቆያሉ። መጥፎ መንገድ አይደለም። ግን እዚያ ላይ ራሙ የግራፊክስ ማስታወሻ ሆኖም ስለሚያገለግል ጥንድ ራም ግዴታ ነው። አንድ ነጠላ ባለ 16 ከምትገዙ ሁለት ባለ 8 ግዙ።

ታናሽ ወንድሜ በ2023 ኮምፒውተር ሲፈልግ ራሱ አጥንቶ መጣ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ከሌላ ግራፊክስ ካርድ ጋር ያንኑ 5600ጂ ጽፎታል። "ለምን?" ስለው "ጂው ጌሚንግ ነዋ!" አለኝ። እስከ ዛሬ እስቅበታለሁ። "ጂ" የራሱ ግራፊክስ አለው ማለት ነው፤ ለዚያ ሲባል ደግሞ ሌላ ነገር ተቀንሶበታል፦ ተራው 5600 ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማስታወሻ) 32 ሜጋባይት ሲሆን የ5600ጂው 16 ነው፣ ፒሲአይውም 4.0 ሳይሆን 3.0 ነው። ካርድ የሚገዛ ሰው ተራውን 5600 ነው መውሰድ ያለበት። በኢንቴል በኩል መጨረሻው ላይ "ኤፍ" ያለበት ፕሮሰሰር፣ እንደ 12400ኤፍ፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ካርድ ካላችሁ ምንም አይጎዳም፣ ካርዱ የተበላሸ ቀን ግን ስክሪናችሁ ጨለማ ነው።

የእሱ ስክሪን 1080፣ 144 ሄርዝ ነበር። ራይዘን 5 5600፣ አርኤክስ 6600፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጂቢ የዲዲአር 4 ትውልድ ራምና አንድ ቴራባይት ኤንቪኤምኢ (ይበልጥ ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ገዛንለት። ከገንዘቡ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ለግራፊክስ ካርዱ ሄደ፤ በመካከለኛ አቅም ሁልጊዜም ከዚህ አካባቢ እጀምራለሁ። 6600ው 132 ዋት ብቻ ነው የሚወስደው፤ በእኔ ስሌት 400 ዋት ገደማ ይበቃ ነበር። ነገ ካርድ መቀየሩ አይቀርም ብለን ግን ደህና 550 ዋት ገዛን።

የተጨቃጨቅነው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። እሱ ዙሪያውን መብራት ያለበትን ፈለገ፤ የዋጋ ልዩነቱ ከ6600ው ወደ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ካርድ ለመውጣት ትንሽ የጎደለው ነበር። ራስ ሳይጠና ጉተና አልኩት። ማዘርቦርድ ፍሬም አይጨምርም። ሶኬቱ ፕሮሰሰሩን ይቀበላል ወይ፣ የሚወስደው ራም ዲዲአር 4 ነው ወይስ 5፣ ኤንቪኤምኢ የሚሰካበት የኤም.2 ቦታው ስንት ነው፣ ከባድ ፕሮሰሰር ከሆነ ደግሞ ኃይል የሚሰጡት ክፍሎች ማቀዝቀዣ ብረት አላቸው ወይ፦ እኔ የማየው ይህን ነው። ከዚህ ሌላ የባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ዕድሜ አለ። ያረጀ ባዮስ ያለው ማዘርቦርድ አዲስ ፕሮሰሰር አያውቅም። እኔ ራሴ የ2019ኙን ቢ450 ማዘርቦርድ ይዤ ወደ 5600 ስሸጋገር ባዮሱን ያደስኩት አሮጌው 2700 ገና ሳይነሳ ነው። አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ማደሻ መንገድ አልነበረኝም።

ራሙን ከገጠማችሁ በኋላ ባዮስ ገብታችሁ ራሙ በተሸጠበት ፍጥነት እንዲሮጥ የሚያደርገውን ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ፤ ዲዲአር 5 በሚጠቀሙት የኤኤምዲ (የራይዘን ሠሪ) ማዘርቦርዶች ላይ ኤክስፖ ይባላል። ወንድሜ 3200 ብሎ የገዛው ራም ሦስት ሳምንት በ2133 ሲሮጥ ከርሟል። አራት ስሎት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም ብዙ ጊዜ የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው፤ ጎን ለጎን አታድርጓቸው።

ዲስክ ላይ ብዙ አትጨነቁ። አሮጌው ዓይነት ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት፣ ኤንቪኤምኢ 3.0 ወደ 3500፣ 4.0 ወደ 7000 ያነባል፤ ጌም ሲከፈት ግን በእነዚህ መሃል ያለው ልዩነት ጥቂት ሰከንድ ነው። ልዩነቱ የሚያስደነግጠው ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ስትሸጋገሩ ነው፤ እንደ ስታርፊልድ ያሉ ጌሞች ኤስኤስዲን ግዴታ አድርገውታል። ከፍጥነቱ ይልቅ ስፋቱን አስቡ፤ አንድ ጌም ብቻውን ከ100 ጂቢ በላይ የሚወስድበት ዘመን ነው።

የአክስቴ ልጅ ዝርዝሩን ሲልክልኝ ሳቄ መጣ። አርቲኤክስ 4080፣ 64 ጂቢ ራም፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር፤ ስክሪኑ ግን የድሮው 1080፣ 60 ሄርዝ። "ስክሪኑማ አለኝ" አለ። ያ ስክሪን በሰከንድ ከ60 ፍሬም በላይ አያሳይም፤ የተቀረውን ካርዱ ሠርቶ ይጥለዋል። አንድ ምሽት ሙሉ ተነጋግረን ወደ አርቲኤክስ 4070 አወረድነው፣ በተረፈው 1440 ባለ 165 ሄርዝ ስክሪን ገዛ። ፕሮሰሰሩን ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ አደረግን፤ 96 ሜጋባይት ካሽ ስላለው ለጌም የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ራሙም ወደ 32 ጂቢ ዲዲአር 5 6000 ወረደ። 200 ዋት ለካርዱ፣ 120 ለፕሮሰሰሩ፣ 100 ለሌላው ሲደመር 420፤ ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ገዛን።

የመጀመሪያ ቀን ስናበራው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። እሱ "አቃጠልከው!" እያለ ይንቆራጠጣል፤ እኔም ልቤ ወርዶ ካቻቢቴ ማንሳት ጀምሬ ነበር። ኤኤም 5 የሚባለው የፕሮሰሰሩ ሶኬት ያለው ማዘርቦርድ መጀመሪያ ሲበራ ራሙን የሚለማመድበት ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙ ደቂቃም ሊወስድ ይችላል። ታገሡት፣ አትንቀሉት። በመጨረሻ በራ። በማግስቱ ደግሞ ደውሎ "ይሄ 165 ሄርዝ ያልከው ከድሮው በምን ተለየ?" አለኝ። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ 60 ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው፤ የስክሪኑን ኬብል ከግራፊክስ ካርዱ ትተው ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው ወር ሙሉ የተጫወቱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

እሱ ያልሰማኝ ኬዙ ላይ ነው። ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነውን ገዛ፤ ያምራል፣ አየር ግን የሚገባበት የለውም። ካርዱ 84 ዲግሪ ሲደርስ ፊቱን አውልቀን ብንሞክረው 10 ዲግሪ ያህል ወረደ። ከፊት ወንፊት ያለው፣ ሁለት ፋን የሚያስገባ አንድ የሚያስወጣ ተራ ኬዝ ከዚያ ይሻለው ነበር። አሁን ፊቱን አውልቆ ነው የሚጫወተው።

ያገለገለ ካርድ ለምትገዙ ስም ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢም ባለ 8 ጂቢም አለ፤ ባለ 8ቱ የማስታወሻ መስመሩም ጠባብ ነው። አርቲኤክስ 3050 ባለ 8ና ባለ 6 አለ፤ ባለ 6ቱ በኮሩም ያንሳል። አርኤክስ 580 ተብሎ "2048ኤስፒ" የሚል ቅጥያ ያለበት ደግሞ በኮር ብዛቱ ከ580 ይልቅ 570ን ነው የሚመስለው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የካርዱን ማንነት ታሳያለች፣ ስሙ የተቀየረ ካርድ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ታጋልጣለች። ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አጫውቱት፤ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጥብ ከረጨ ወይም ፋኑ ከተንቀጫቀጨ ተሰናበቱት። የማስታወሻ መጠንን በተመለከተ፣ ለ1080 8 ጂቢ አሁንም ያጫውታል፣ በአዳዲስ ትልልቅ ጌሞች ላይ ግን የምስሉን ዝርዝር ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። ለ1440 ከ12 በታች አልገዛም።

የእኔው ኮምፒውተር ያ የ2019ኙ ቢ450 ላይ ነው ያለው። 5600ውና ያገለገለ ባለ 12 ጂቢ 3060 ተገጥመውለታል፤ ፓወር ሰፕላዩም ያኔ የቀየርኩት ነው። ባለፈው ሰሞን ካርዱን ልቀይር ብዬ ዋጋ ሳጠያይቅ ታናሽ ወንድሜ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ "ስክሪንህ ግን ስንት ሄርዝ ነው?" አለኝ። 60 ነው። ካርዱን ትቼዋለሁ፤ አሁን እያጠራቀምኩ ያለሁት ለስክሪን ነው።